አግዳሚው ብረት መመዘኛ ሳይሆን መማሪያ ይሁን

ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና በሚጻፉት በእነዚህ ገጾች ላይ ዘወትር የምንነጋገረው ሰውነትን ከበሽታ ስለ መጠበቅ ነው። ውኃን አፍልቶ መጠጣት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አጎበር ዘርግቶ መተኛት፣ የልጆችን ፊት በየጧቱ ማጠብ፣ ይህ ሁሉ ተገቢ ምክር ነው። ነገር ግን ቤቱን ከሌባ የሚጠብቅ ሰው ግድግዳው ሲፈርስ ዝም ብሎ እንደማያይ ሁሉ፣ ሰውነቱን ከበሽታ የሚጠብቅ ሰውም ብርታቱ ቀስ በቀስ ሲከዳው ዝም ብሎ ሊያይ አይገባውም። ስለዚህ በዚህ ወር ብዙ ሰው ስለሚፈራት ስለ አንዲት የሰውነት እንቅስቃሴ አሳባችንን ለመግለጥ ወደድን። ይህችውም አግዳሚ ብረት በሁለት እጅ ይዞ፣ እግርን ከመሬት አንሥቶ፣ ያለ ማንም ድጋፍ አገጭ ከብረቱ በላይ እስኪወጣ ድረስ ራስን ስቦ ማንሣት ናት። ስፖርተኞች «ፑል አፕ» ይሏታል።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው አብሮት የተወለደ ልዩ ስጦታ ያለው አይደለም፤ የማይችለውም ሰነፍ ወይም ዕድለ ቢስ አይደለም። መቻል የሚገኘው በደረጃ ነው። ደረጃውን የሚያሳየው መምህር ያገኘ ሰው ይወጣል፤ ያላገኘ ግን ከታች ቀርቶ «ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ይላል። እንግዲህ በየትምህርት ቤቱ ያለው አግዳሚ ብረት ብርቱውን ከደካማው የሚለዩበት ሚዛን መሆኑ ቀርቶ፣ ደካማው የሚበረታበት መማሪያ እንዲሆን እንፈልጋለን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ከአንድ ዓመት በፊት ስለ እጅና ስለ ፊት ንጽሕና ለማስተማር በራያ ቆቦ ወረዳ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ያየነው ነገር ነው። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ነገሩ በብዙ ቦታ የሚደረግ ነውና። መምህሩ ተማሪዎቹን በሰልፍ አቁመው እያንዳንዱ ልጅ በተራው በብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ስቦ እንዲያነሣ ያዝዛሉ። ጥቂቶች ተሳካላቸው፤ ተጨበጨበላቸውም። የቀሩት ግን እግራቸውን አወራጭተው፣ ፊታቸው በላብ ተነክሮ፣ በሳቅ ታጅበው ወረዱ። ሴቶቹ ልጆች ከመጀመሪያውም አልተጠሩም፤ በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ይመለከቱ ነበር። ትምህርቱ በዚህ አበቃ።

ከዚያ በኋላ መምህሩን ለብቻቸው አግኝተን፣ «መምህር፥ ለቻሉት አጨበጨቡላቸው፤ ያልቻሉትንስ ምን አስተማሯቸው?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ «ሐኪም፥ እኔም ስማር የተደረገልኝ ይኸው ነው። ሌላ መንገድ ካለ እስቲ እርስዎ ያሳዩንና እንማርበት» አሉን። ጥያቄው የቅን ሰው ጥያቄ ነበር። እኛም ኮታችንን አውልቀን ብረቱን ያዝን። ክርናችን ጥቂት ታጠፈና ቆመ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። ከጥላው ሥር የነበሩት ልጆች ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቁም።

የሚያሳፍረው ደግሞ ይህን ነገር አስቀድመን ተምረነው የነበረ መሆኑ ነው። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር በሄድንበት በመጀመሪያው ዓመት አንድ አሠልጣኝ በስፖርት አዳራሽ ውስጥ ስማችንን ጠርቶ ብረቱን እንድንይዝ አዘዘን፤ እንደ ታረደ ሙክት ተንጠልጥለን ቀረን። አሠልጣኙም አንዳች ቃል ሳይናገር በመዝገቡ ላይ ዜሮ ጽፎ የሚቀጥለውን ስም ጠራ። ማታ ማታ ለብቻችን እየሄድን ብንታገልም ምንም አልሆነልንም። በኋላ ግን የአዳራሹ ቁልፍ ጠባቂ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፥ መውጣቱን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ መውረድን ተማር» አሉን። በርጩማ አምጥተው በላዩ ቆመን አገጫችንን ከብረቱ በላይ እንድናደርግ፣ ከዚያም እግራችንን ከበርጩማው አንሥተን እጅግ በዝግታ እንድንወርድ አሳዩን። በዘጠነኛው ሳምንት አንድ ማታ ተመልካች በሌለበት ሰዓት ያለ በርጩማ ወጣን። ወደ አገራችን ተመልሰን በወንበርና በመኪና ላይ መቀመጥ ባበዛን ጊዜ ግን ያ ጉልበት ሳይሰናበተን ሄደ። ጉልበት እንደ እርሻ ነው፤ ባለቤቱ በየዓመቱ ካላረሰው ዳዋ ይውጠዋል።

አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ ለአንድ ብረት መጨነቅ ስለ ምንድር ነው?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። አገራችን በዓለም ዘንድ የታወቀችው በእግሯ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ባዶ እግሩን ሮጦ ካሸነፈበት ጊዜ አንሥቶ በ2016 ዓ.ም. እስከ ተደረገው እስከ ፓሪሱ ኦሊምፒክ ድረስ ኢትዮጵያ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ በሩጫ የተገኘ ነው። በዚህም ምክንያት በብዙ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ሲባል ሩጫና የእግር ኳስ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ያው አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ከተሽመደመደ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። እግሩ በከዳው ጊዜ ክንዱን አሠራ። ከዚህ የምንማረው እግሩን ያሠለጠነ ሕዝብ ክንዱንም ማሠልጠን እንደሚገባው ነው።

የጤና ሳይንስም ከዚህ ጋር ይስማማል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዐዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ከማድረጋቸው ሌላ፣ ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች የሚያበረታ ሥራ ቢያንስ 2 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች ደግሞ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲኖራቸው ያመለክታል። እንዲሁም በ17 አገሮች በሚኖሩ 140,000 ያህል ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2015 በታተመ ጥናት፣ የእጃቸው ጭብጥ የደከመ ሰዎች ቀድመው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ብረት የጨበጠ ሁሉ ዕድሜው ይረዝማል ማለት አይደለም፤ የእጅ ብርታት የመላው ሰውነት ደኅንነት ምልክት ነው ማለት ነው።

«የራያ ሰው በጉልበት ይታማልን?» የሚለንም ይኖር ይሆናል። በእውነቱ አይታማም። ከምዕራቡ ተራራ ሥር አንሥቶ እስከ ዞብል ድረስ በተዘረጋው ሜዳ፣ ከሆርማትና ከጎሊና የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ማሳው ለመምራት በዶማና በአካፋ ቦይ ሲጠርግ የሚውለው ገበሬ፤ ማሽላው ባፈራ ጊዜ በማማ ላይ ቆሞ ግሪሳ ወፍን በወንጭፍ የሚያባርረው ወጣት፤ በግመል ጀርባ ላይ ጭነት የሚያነሣው ሰው፤ እነዚህ ሁሉ የክንድ ሥራ የጎደላቸው አይደሉም። የእኛ ጽሑፍ የሚመለከተው እርፍ መጨበጥን ትቶ ብዕር የጨበጠውን የእነርሱን ልጅ ነው። መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ ባለሱቁ፣ የጤና ባለሙያውም ጭምር ከጧት እስከ ማታ ተቀምጠን እንውላለን። አባታችን ከነበረው ብርታት የወረስነው ስሙን እንጂ ሥራውን አይደለም። ልጆቻችንም ከእኛ የሚወርሱት መቀመጥን ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል።

እንግዲህ ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሆን እንግለጥ። ራስን ስቦ ለማንሣት ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከብብት በታች ጀምሮ እስከ ወገብ ድረስ ጀርባን የሚሸፍነው ሰፊ ጡንቻ ነው። የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ ክርንን በማጠፍ ይረዳዋል፤ በትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ትከሻን አጥብቀው ይይዛሉ፤ የጣትና የክንድ ጡንቻዎች ብረቱን ይጨብጣሉ፤ የሆድ ጡንቻዎችም ሰውነት እንዳይወዛወዝ ያደርጋሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሥራው ይጎድላል። መዳፍን ወደ ራስ አዙሮ መያዝ የክንዱን ጡንቻ ይበልጥ ስለሚያሳትፍ ለጀማሪ ይቀላል፤ መዳፍን ወደ ፊት አድርጎ መያዝ ይከብዳል።

ሰው በልምምዱ መጀመሪያ ሳምንቶች ክንዱ ሳይወፍር ጉልበቱ ሲጨምር ይደነቃል። ምክንያቱ ይህ ነው። ባለ እርሻው ደቦ በጠራ ጊዜ ጥሪው ያልደረሳቸው ጎረቤቶች ቢበዙ ሥራው ይጓተታል፤ ጥሪው ለሁሉም ሲደርስ ግን በዚያው ሰፈር ሰው ሥራው ይፈጥናል። እንደዚሁም ነርቮቻችን ከዚህ ቀደም ያልጠሯቸውን የጡንቻ ክሮች መጥራት ሲለምዱ፣ ጡንቻው ገና ሳያድግ ኃይሉ ይጨምራል። የጡንቻው ራሱ ማደግ ከዚህ በኋላ ቀስ ብሎ ይከተላል።

ሽማግሌው «መጀመሪያ መውረድን ተማር» ያሉንም ያለ ምክንያት አልነበረም። ጡንቻ እየተኮማተረ ከሚያነሣው ሸክም ይልቅ እየተለጠጠ በቀስታ የሚያወርደው ሸክም ይበልጣል። አንድ ሰው ለብቻው አንሥቶ በአህያ ጀርባ ላይ ሊጭነው ያልቻለውን ከረጢት ከአህያው ጀርባ ላይ ለብቻው ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ራሱን ስቦ ማንሣት ያልቻለ ሰው ራሱን በዝግታ ማውረድ ብዙ ጊዜ ይችላል፤ በመውረዱም ለመውጣት የሚያስፈልጉት እነዚያው ጡንቻዎች ይሠለጥናሉ።

እርዳታ መቀበልም ነውር አይደለም። በትግራይ ያለውን የደብረ ዳሞን ገዳም ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ወደዚያ የሚወጣው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል ላይ በተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው እንግዳ በእጁ ገመዱን እየሳበ፣ እግሩን በዓለቱ ላይ እየረገጠ ሲወጣ፣ ከላይ ያሉት አባቶች በወገቡ ላይ በታሰረው በሁለተኛው ጠፍር ይስቡታል። መነኮሳቱ ግን ከልማድ ብዛት ያለ እርዳታ ይወጣሉ። ማንም እንግዳ በወገቡ ላይ ጠፍር ስለ ታሰረ አልተናቀም፤ መነኩሴውም በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ነበረ። የእኛም ትምህርት ቤቶች ሥርዓት እንዲህ ሊሆን ይገባል።

አሁን ደረጃዎቹን በተራ እንጽፋለን። ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ማለትም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይሁን፤ በመካከል ያለው ቀን ለጡንቻ ዕረፍት ነው፤ ጡንቻ የሚጠገነው በሚያርፍበት ጊዜ ነውና።

አንደኛ፤ መንጠልጠል። ብረቱን በሁለት እጅ ይዞ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ ሳይወዛወዙ መቆየት። በመጀመሪያ 10 ሰከንድ፣ ቀስ በቀስም እስከ 30 ሰከንድ፤ ሦስት ጊዜ ይደገም። ይህን ብቻ የቻለ ልጅ «አልቻለም» አይባልም፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ወጥቷል።

ሁለተኛ፤ ትከሻን ማንቃት። ተንጠልጥሎ ሳለ ክርንን ሳያጥፉ ትከሻን ከጆሮ አርቆ ወደ ታች መሳብ፣ ጥቂት ቆይቶም መመለስ። ከ5 እስከ 8 ጊዜ ይደገም። እንቅስቃሴው ትንሽ ነው፤ የጀርባን ጡንቻ ለሥራ የሚጠራው ግን እርሱ ነው።

ሦስተኛ፤ በዝቅተኛ ብረት ሥር መሳብ። ብረቱ በወገብ ቁመት ሆኖ፣ ሰው ከሥሩ በጀርባው ተጋድሞ፣ ተረከዙን በመሬት ላይ አድርጎ፣ ሰውነቱን እንደ ሳንቃ አቅንቶ ደረቱን ወደ ብረቱ ይስባል። ከ8 እስከ 10 ጊዜ ሦስት ዙር እስኪችል ድረስ ይለማመድ። ይህ ለከበደው ብረቱ ከፍ ይበልለት፤ ለቀለለው ዝቅ ይበል።

አራተኛ፤ በዝግታ መውረድ። በበርጩማ ላይ ቆሞ አገጭን ከብረቱ በላይ ካደረጉ በኋላ እግርን አንሥቶ እየቆጠሩ መውረድ። በመጀመሪያ እስከ 3፣ ኋላም እስከ 10 እየተቆጠረ፣ በአንድ ቀን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ ይሁን። ድንገት መውደቅ መውረድ አይደለም፤ ትምህርቱ ያለው በዝግታው ላይ ነው።

አምስተኛ፤ በጓደኛ እርዳታ መውጣት። ጓደኛው ከኋላ ቆሞ ጎንና ጎኑን ይዞ ጥቂት ያነሣዋል፤ ወይም ልጁ አንድ እግሩን በበርጩማ ላይ አሳርፎ የሚጎድለውን ብቻ በእግሩ ይሞላል። እርዳታው ከሳምንት ወደ ሳምንት ይቀንስ።

ስድስተኛ፤ መሞከር። በዝግታ እስከ 10 እየቆጠረ ሁለት ሦስት ጊዜ መውረድ የቻለ ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳይደክም፣ በልምምዱ መጀመሪያ ላይ ይሞክር። ካልሆነለት ወደ አራተኛውና ወደ አምስተኛው ደረጃ ይመለስ። ለአንዱ ስድስት ሳምንት፣ ለሌላው ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ሰውነቱ የከበደ ሰው ብዙ ኪሎ ስለሚያነሣ ይዘገያል፤ ይህም ነውር አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ማለታቸው ነው።

ጤናን የሚመለከቱ ማስጠንቀቂያዎችንም እንጨምር። በዝግታ መውረድን የጀመረ ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ክንዱንና ጀርባውን ያመዋል። ይህ ጡንቻ አዲስ ሥራ ሲለምድ የሚሰማው ሕመም ስለ ሆነ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ነገር ግን በትከሻ ወይም በክርን መጋጠሚያ ላይ እንደ ወጋት ያለ ሕመም ቢሰማ ልምምዱን ማቆም ይገባል። ከልክ ያለፈ ልምምድ ያደረገ ሰው ሽንቱ እንደ ቡና ቢጠቁር ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላልና።

የቆላ ነዋሪ ወባንም ሊያስብ ይገባዋል። የቆቦና የጨርጨር ሸለቆ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ የወባ መከላከያ ሙከራ ከተጀመረባቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ነው። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያጠፋ፣ ከበሽታው የተነሣ ሰው ትኩሳቱ ቢለቀውም ደሙ ገና አልተተካም። ስለዚህ መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ምግቡን በልቶ፣ አቅሙ ሲመለስ ብቻ ይጀምር፤ ሲጀምርም ካቆመበት ደረጃ ሳይሆን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው። በሙቀቱ ወራት ልምምዱ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይሁን፤ በቀትር ፀሐይ የጋለ ብረት መዳፍን ይለበልባልና። ውኃም በየመካከሉ ይጠጣ።

አንድን ብረት ብዙ እጅ ስለሚይዘው ከልምምድ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ላብን ለማድረቅ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጨርቅ ይኑረው፤ አንዱ የፊቱን ላብ በጠረገበት ጨርቅ ሌላው ቢጠርግ የዓይን ማዝ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ስለ ምግብ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው ያመለከተው የፕሮቲን መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ነው፤ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ያህል ይሆናል። ጡንቻውን የሚያሠለጥን ሰው ከዚህ ከፍ ቢያደርግ ይጠቀማል። የማሽላ እንጀራ ብቻውን ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ግን ይህን ይሞሉለታል። ስለዚህ በጾም ጊዜ እንጀራን በሽሮ የሚበላ ሰው ሳያውቀው ትክክለኛውን አድርጓል። ወተት ከተገኘ መልካም ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዱቄት መግዛት ግን አያስፈልግም።

ብረቱን ማቆምም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፍሪድሪኽ ሉድቪግ ያን የተባለው ጀርመናዊ መምህር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1811 በበርሊን አጠገብ ለወጣቶች የስፖርት ሜዳ ሲከፍትና አግዳሚውን ሲያስለምድ ሜዳው አዳራሽ አልነበረውም። ለእኛም ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ምሰሶና 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የብረት ቧንቧ ይበቃሉ። ምስጥ እንዳይበላው የምሰሶው ጫፍ በእሳት ለብለብ ተደርጎ 1 ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ ይቀበር። ከፍ ያለው ብረት 2 ሜትር ከ20፣ ዝቅ ያለው 1 ሜትር ያህል ይሁን። ከሥሩ ከወንዝ የመጣ አሸዋ ቢነጠፍ የወደቀ ልጅ አይጎዳም፤ አሸዋውንም ጎርፉ በየክረምቱ ያመጣልናል። ተማሪዎች ሳይንጠለጠሉበት መምህሩ ራሱ ተንጠልጥሎ ይፈትነው።

ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ቃል ልንናገር ግድ ነው። «ለሴት አይሆንም» የሚለው አነጋገር በሰውነት ጥናት የተደገፈ አይደለም። በአማካይ ሲታይ የሴት የላይኛው አካል ጡንቻ ከወንድ ያነሰ ስለ ሆነ ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ ደረጃዎቹ ግን ያው ናቸው፤ ጡንቻዋም ለልምምድ እንደ ወንዱ ይታዘዛል። ማሽላ በድንጋይ ወፍጮ ፈጭተው ያሳደጉን እናቶች፣ ጀሪካን ሙሉ ውኃ በጀርባቸው የሚያመላልሱ እኅቶች ክንድ የላቸውም ብሎ ማን ይናገራል? ብረቱን ሳትይዝ በጥላ ሥር እንድትቆም የተደረገች ልጅ የተነፈገችው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሷ አቅም የምታውቅበትን አጋጣሚ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሐሰተኞች እንሆናለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኀብ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሱታል። ለተራበ ሰው ስለ አግዳሚ ብረት መስበክ ነውር ነው። መምህሩ ቁርሱን ሳይበላ የመጣውን ልጅ፣ ፊቱ የገረጣውን ልጅ ለይቶ ይወቅ፤ በዚያን ቀን እንዲንጠለጠል አያስገድደው፤ ቤተሰቡንና ጤና ጣቢያውን ያነጋግር። ደግሞም በደረጃ ማስተማር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በአንድ ቀን ፈተና «ሰነፍ» ተብሎ የተሳቀበት ልጅ ምናልባት የተራበ ወይም ከወባ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ በየሳምንቱ የሚከታተለው መምህር ግን ምክንያቱን ያገኘዋል።

አሁን ወደ ጀመርንበት ትምህርት ቤት እንመለስ። በዚያ ቀን ካፈርን በኋላ መምህሩን፣ «እንግዲያው ሁለታችንም ከመጀመሪያው ደረጃ እንጀምር» አልናቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ለሥራ በዚያ ባለፍን ቁጥር ከተማሪዎቹ ጋር እየተንጠለጠልን፣ በቀረው ጊዜ እያንዳንዳችን በየበኩላችን ተለማመድን። መምህሩ የመዝገቡን አጻጻፍ ለወጡ፤ «ቻለ፣ አልቻለም» የሚለው ቀርቶ በእያንዳንዱ ልጅ ስም ፊት የደረሰበት ደረጃ ይጻፋል። ሴቶቹም ልጆች ከጥላው ሥር ወጥተው በሰልፉ ገቡ። መምህሩ በአራተኛው ወር ወጡ፤ እኛ በአምስተኛው። ከልጆቹ መካከል ገና በሦስተኛው ደረጃ ላይ ያሉ አሉ፤ ሆኖም በመዝገቡ ላይ ዜሮ የተጻፈበት ማንም የለም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ መምህራን ሆይ፤ በትምህርት ቤታችሁ ብረት ካለ በሚመጣው ሰኞ በተማሪዎቻችሁ ፊት እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተንጠልጠሉ፤ ባይሆንላችሁም ልጆቹ ይዩ፤ ትልቅ ሰውም ከመጀመሪያው ደረጃ እንደሚጀምር ይማሩበታልና። ብረት ከሌለ ከወላጆች ጋር ተመካክራችሁ ሁለት ምሰሶ አቁሙ። የከተማ ነዋሪዎችም በየግቢያችሁ ጠንካራ አግዳሚ አታጡም። እኛም በየትምህርት ቤቱ በምናልፍበት ጊዜ የምንጠይቀው «ስንቶች ቻሉ?» ብለን ሳይሆን፣ «ባለፈው ወር ተንጠልጥሎ ብቻ የቀረው ልጅ ዛሬ የት ደረሰ?» ብለን ይሆናል።